ሰው ማመን አቃተኝ፣ መላ በሉኝ

ሰላም ለእናንተ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ከ4 ዓመት በፊት አብሮ አደጌ ለባጃጅ መግዣ አብረን ያጠራቀምነውን ብር ይዞ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም። እህቴ ስልኬን ስታነሳ እንኳ ልቤ ይመታል።

አሁን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መሄድ ጀምሬያለሁ። የቤት ሥራ ትሰጠኛለች፦ ለሰው ትንሽ ነገር አደራ ስጥ፤ የፈራኸውን አስቀድመህ ጻፍ፤ በኋላ ከሆነው ጋር አስተያይ። ቅዳሜ ጣና ዳር፣ የዘጌ ጀልባዎች የሚነሱበት ጋ፣ ቦርሳዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ዞር አልኩ። ስመለስ ምንም አልጎደለም። ደስ አለኝ። ማታ ግን «ለትልቁ እያመቻቸ ቢሆንስ?» አልኩ።

የከፋው፣ ባለሙያዋንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። የነገርኳትን ለሰው ብታወራስ? ይህን ፊት ለፊት ልንገራት ወይስ ትቀየመኛለች? በዚህ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።