ከአባቴ ጋር የፊልም ሙዚቃ እናዳምጣለን፤ ከየት እንቀጥል?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ከአባቴ ጋር በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። አባቴ ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ስለሄደ ቴሌቪዥን መከታተል ትተዋል። ከሥራ ስመለስ በመካከላችን የሚነሣው ነገር ለረጅም ጊዜ መድኃኒት፣ የውኃ መጥፋትና አስቤዛ ብቻ ነበር።

ይህን የለወጠው የፊልም ሙዚቃ ነው። አባቴ ጢማቸውን ሲላጩ የሚያፏጩት አንድ ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ቀርቶ ኖሮ፣ በቅርቡ ወጥ እየሠራሁ ሳንጎራጉረው ሰምተው ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ከእርሳቸው መሆኑን ስነግራቸው በጣም ተደነቁ። ዜማው ጣሊያናዊው ኤኒዮ ሞሪኮኔ ለፊልም ዳይሬክተሩ ለሰርጂዮ ሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞች ከጻፋቸው አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ እራት ከበላን በኋላ በትንሽ ስፒከር አብረን እናዳምጣለን፤ ሙዚቃው እየሄደ ሳለም አባቴ በወጣትነታቸው በሲኒማ ኢትዮጵያና በአምፒር ያዩትን ይተርኩልኛል፤ ፈረሰኛው ከየት እንደመጣ፣ ሽጉጡን ማን ቀድሞ እንደመዘዘ፣ በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ሕዝብ እንዴት እንደጮኸ ሁሉ ይነግሩኛል። እኔ ፊልሞቹን አይቻቸው ስለማላውቅ የማያቸው በአባቴ አንደበት ነው። እንዲህ አርዝመው ሲናገሩ ከዚህ በፊት ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

አሁን የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። ዜማውን እንጂ የፊልሙን ስም የማያስታውሷቸውን ሙዚቃዎች እንዴት ላግኛቸው? ከካውቦይ ፊልሞች ቀጥሎስ ምን ባሰማቸው ጨዋታችን ይቀጥላል?

መልስ (ከሰበታ)

እህቴ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መፍትሔው በስልክሽ ውስጥ አለ። በጉግል መተግበሪያ የማይክሮፎኑን ምልክት ከተጫንሽ በኋላ ዘፈን መፈለጊያውን ምረጪና፣ አባትሽ ዜማውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ያንጎራጉሩት ወይም ያፏጩት፤ የሚቀራረቡትን ዘፈኖች ያቀርብልሻል። ሁልጊዜ አይሳካለትም፤ ለታወቁ ዜማዎች ግን መልካም መነሻ ነው።

ስለ ሁለተኛው ግን ከሞሪኮኔ ቶሎ ባትወጡ እመርጣለሁ። ዓይኑ ለደከመ ሰው ከእርሱ የተሻለ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ አይታየኝም፤ ምክንያቱም በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ሙዚቃው ሥዕሉን ከማጀብ አልፎ ታሪኩን ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» ውስጥ ዜማ የምታሰማ የኪስ ሰዓት አለች። ባላንጣዎቹ ሽጉጥ የሚመዙት የሰዓቷ ዜማ ሲያበቃ ስለሆነ፣ ተመልካቹ የሞቱን ሰዓት የሚጠብቀው በጆሮው ነው። በቀጣዩ ዓመት በወጣው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ደግሞ ያቺው የታወቀች አጭር ዜማ ለሦስቱ ዋና ሰዎች በሦስት የተለያየ ድምፅ ትመላለሳለች፤ ለአንደኛው በዋሽንት፣ ለሌላኛው ከሸክላ በሚሠራው ኦካሪና፣ ለሦስተኛው በሰው ድምፅ። አባትሽ የመጣው ማን እንደሆነ ከድምፁ ብቻ እንዲለዩ ጠይቂያቸው። በ1968 ለወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ሞሪኮኔ ሙዚቃውን ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ጽፎት ስለነበር፣ ሊዮኔ በቀረጻው ቦታ ለተዋንያኑ ያሰማቸው ነበር፤ የሰዎቹ እርምጃና የካሜራው አካሄድ ከዜማው ጋር እንዲያ የተዋሐደውም ለዚህ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ያለ ቃል የምታዜመውን የኤዳ ዴሎርሶን ድምፅ ሳታሰሚያቸው አትቅሪ። እኔ በፊልም ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ የሰው ድምፅ አልሰማሁም።

ከማዳመጣችሁ በፊት ስለ እያንዳንዱ ፊልም ጥቂት ማብራሪያ ብታነቢላቸው ትዝታቸውን የሚያነቃቃ ይመስለኛል።

መልስ (ከለገጣፎ)

ከላይ የተሰጠውን ምክር በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ማብራሪያ አስቀድሞ ማንበቡን ግን አልደግፈውም። ጠያቂዋ እህታችን እንደጻፉት ተራኪው አባታቸው ናቸው። ልጅ ከስልኳ እያነበበች ታሪኩን ከቀደመቻቸው፣ የሚያውቁትን ያህል የሚናገሩበት ቦታ ይጠፋል። የተሳሳተ ትዕይንት እንኳ ቢያስታውሱ አይታረሙ እላለሁ።

ይህን የምለው ከእናቴ ጋር ካሳለፍኩት ተነሥቼ ነው። እናቴ የህንድ ፊልም ወዳጅ ናቸው፤ ሂንዲ ሳያውቁ ዘፈኖቹን ከነድምፃቸው ይዘዋቸዋል። በወጣትነታቸው የወደዷት ተዋናይት ራሷ የምትዘፍን ይመስላቸው ነበር። በእነዚያ ፊልሞች ግን ዘፈኑን በስቱዲዮ የምትቀዳው ሌላ ድምፃዊት ስትሆን፣ ተዋናይቷ በቀረጻው ላይ ከንፈሯን ታስማማለች። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 2022 የኖሩት ላታ ማንጌሽካር ለብዙ ትውልድ ተዋንያት እንዲህ ዘፍነዋል። እናቴ ይህን ሲሰሙ ቅር አላላቸውም፤ ይልቁንም የአንዲቱን ድምፅ በተለያዩ ፊልሞች ውስጥ ማደን ጀመሩ፤ «ይህችም እርሷ ናት» እያሉ ይነግሩኛል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው።

አንድ ቀን ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን ሲሰሙ «ይህማ የእኛው ትዝታ ነው» አሉኝ። ነገሩን ተከታትዬ ባየው እውነትነት አለው። ቡፓሊ የሚባለው የህንድ ራጋ (እንደ እኛ ቅኝት ያለ የዜማ መሠረት) የሚጠቀምባቸው አምስት ድምፆች የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፆች ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አዜማዜማቸው ይለያያል፤ እናቴ ግን ያለ ማንም አስተማሪ በጆሯቸው ብቻ ደርሰውበታል። ስለዚህ ከካውቦይ ቀጥሎ የህንድ ፊልም ዘፈኖችን፣ በተለይም ናውሻድ ዜማውን የሠራለትን የ1957ቱን «ማዘር ኢንዲያ» እንዲሞክሩ እጋብዛለሁ።

መልስ (ከቡራዩ)

እኔ የምጨምረው አጭር ነው። የእኛ ሰዎች ሙዚቃ በውጭ ፊልሞች ውስጥ እንደገባ ያሰሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ ዋናው ሰው በመኪናው ረጅም መንገድ ሲጓዝ የሚያዳምጠው፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የሰጠው ሲዲ ነው፤ በዚያም የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ይሰማል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» ውስጥ ከኒው ዮርክ ጎዳናዎች ጋር ተሰናስሎ ይሰማል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያጀበው ሙዚቃም የጆርጋ መስፍንና የቪጃይ አየር ሥራ ነው። አባትዎ ዜማውን የሚያውቁት፣ ሥዕሉን ግን የማያውቁት ስለሚሆን፣ በዚህ ጊዜ ተራኪዋ እርስዎ ይሆናሉ። በእኔ አስተያየት ነገሩን ሙሉ የሚያደርገው ይህ መለዋወጥ ነው።

ጠያቂዋ በድጋሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የለገጣፎውን ምክር ተቀብዬ ማብራሪያ ማንበቡን ትቼዋለሁ። የኪስ ሰዓቷን ዜማ ሳሰማቸው አባቴ ከመጨረሻዋ ድምፅ በፊት እጃቸውን አንሥተው ዝም በይ አሉኝ፤ ከዚያም የተኳሾቹን አቋቋም አንድ በአንድ ነገሩኝ። «የከርሞ ሰው»ን ደግሞ ደጋግመን ሰማነው፤ እኔ በመኪናው ስለሚጓዘው ሰው እየነገርኳቸው እርሳቸው ስለ ቅኝቱ ይናገሩ ነበር። ትዝታን ከባቲ፣ ባቲን ከአምባሰል በጆሮ የሚለዩት በቀላሉ ሲሆን፣ እኔ ግን ሁሉም አንድ ይመስለኛል። ከእርሳቸው ጋር እኩል መነጋገር እፈልጋለሁና ከየት ልጀምር?

መልስ (ከቡራዩ)

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች ይጀምሩ። በትዝታ ከዶ ቀጥሎ የሚመጣው ሬ ስለሆነ እርምጃው ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም ሁለት ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ከዶ ቀጥሎ ያለው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ስለሚል ጆሮን ጠበብ አድርጎ ይይዛል። በባቲ ደግሞ ሬ የለም፤ ከዶ ተነሥቶ ወደ ሚ ይዘላል፤ ባቲም እንደ ትዝታ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ በማይነሩ ሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ትዝታም ማይነር ሲሆን ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ብዙ ሰው ከባቲ ማይነር ጋር የሚያምታታውም ይህንን ነው። አባትዎ እያንዳንዱን ቅኝት ከታች ወደ ላይ በቀስታ ያዚሙልዎትና እርስዎ ይከተሏቸው፤ ድምፃቸውንም በስልክዎ ቀድተው ያስቀምጡት፤ ወደ ሥራ ሲሄዱ በታክሲ ውስጥ ይለማመዱበታል።