የፎገራ ከብት የአካልና የዘረመል ልየታ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ፕሮፖዛሉ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው ሜዳ «ፎገራ» እየተባለ የሚረባው ከብት ዛሬ ምን ያህሉ ራሱን የቻለ ዘር ነው? ምን ያህሉስ ከደጋው ዜቡ (ሻኛ ካለው ከብት) ተቀላቅሏል? የጥናት ቦታዎቹ ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ወረዳዎች ናቸው፤ ማነጻጸሪያው የፋርጣ ደጋ ከብት ነው። በናሙና ቁጥርና አመራረጥ ላይ ገና አልተስማማንም፤ ከሱ እንጀምር።

የዘረመል ቤተ ሙከራ፦ ረቂቁ ከየቡድኑ 25 እንስሳ ይላል፤ ያንሳል። በመንጋው ውስጥ በ5 በመቶ ድግግሞሽ ያለ አንድ አሊል (የአንድ ዘረመል አንዱ ዓይነት) በ25 እንስሳ (በ50 ቅጂ) ውስጥ ሳይገኝ የመቅረት ዕድሉ 7.7 በመቶ ነው። በ40 ወደ 1.7፣ በ36 ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። 36ን የመረጥኩት በቺፑ ምክንያት ነው። 50 ሺህ ገደማ የዘረመል ነጥብ የሚያነበው የከብት ቺፕ በአንድ ስላይድ 24 ናሙና ይይዛል፤ ስድስት ስላይድ 144 ቦታ ይሰጠናል። ከሐይቁ ዳር ሜዳ 36፣ ከሜዳው ጠርዝ 36፣ ከፋርጣ 36፣ ከአንዳሳ የምርምር ማዕከል የፎገራ መንጋ 24 ብንወስድ 132 ይሆናል። የቀሩት 12 ቦታዎች የተደገሙ ናሙናዎች ይሁኑ፤ ድግሙ ከዋናው ጋር በአንድ ስላይድ ላይ እንዳይቀመጥ። ቱቦ ተቀያይሮ ከሆነ የምናውቀው በዚህ ነው።

የመስክ ባለሙያ፦ ቁጥሩ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ እንስሳውን ማን ይመርጣል የሚለው ነው። «ጥሩ ፎገራ አሳዩን» ብለን ከገባን አርቢው ጥቁርና ነጭ ቡሬ፣ አጭር ቀንድ ያለው፣ ገራም ላም ያመጣልናል። ከዚያ «ፎገራ ቡሬ ነው» ብለን ብንጽፍ ራሳችን የመረጥነውን መልሰን መዘገብን ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ከፍሪዥያን (ከአውሮፓ የወተት ከብት) የተዳቀለ ከብትም ጥቁርና ነጭ ነው! ቀለም በጥቂት ዘረመሎች ስለሚወሰን ስለቀረው ዘረመል የሚነግረን ብዙ አይደለም።

አስተባባሪ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

የመስክ ባለሙያ፦ ከቀበሌው መዝገብ አባወራዎችን በዕጣ፣ ከእያንዳንዱ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ፣ ከሁለት አጎራባች ቤቶችም ቢሆን አንድ ኮርማ የሚጋሩ ከሆነ ከአንደኛው። የእናቱ፣ የአባቱና የአያቶቹ መነሻ ይጠየቅ፤ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ተደርጎ ያውቅ እንደሆነም እንዲሁ። ከገበያ ናሙና አንውሰድ፤ እዚያ የሚሸጠው ከብት ከየት እንደመጣ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። አርቢው «ይሄ ንጹሕ ነው» ወይም «ይሄ ዲቃላ ነው» ያለው በተለየ ዓምድ ይመዝገብ፤ በኋላ ከቺፑ ውጤት ጋር ማስተያየቱ ራሱን የቻለ ግኝት ነው።

የዘረመል ቤተ ሙከራ፦ እስማማለሁ። የፍሪዥያን መረጃም በነጻ ከሚገኙ የመረጃ ቋቶች ተወስዶ በትንተናው ይግባ፤ ያለሱ የፍሪዥያን ደም የሌላ ዘር መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ መስመር ደግሞ ይሰረዝ፦ የሚቶኮንድሪያ ቅደም ተከተል። በእናት የሚወረሰው የአፍሪካ ከብት የዘር ሐረግ ሻኛ ባለውም በሌለውም ከብት በአብዛኛው የታውሪን (ሻኛ የሌለው የከብት ወገን) ነው፤ ፎገራን ከፋርጣ አይለይልንም። ዜቡ የገባው በብዛት በኮርማ በኩል ስለሆነ የዋይ ክሮሞሶም ነጥቦች የበለጠ ይነግሩናል። ስለዚህ ከ36ቱ ቢያንስ 10ሩ ወንድ ይሁኑ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ክሮሞሶም መቁጠር አይበቃም ወይ? የውሃ ጎሽ ላይ እንደዚያ ነው የሚለዩት ሲሉ ሰምቻለሁ።

የዘረመል ቤተ ሙከራ፦ የሰማኸው ልክ ነው፤ ግን እዚያ የሚሠራው ቁጥሩ ስለሚለያይ ነው። የወንዙ የውሃ ጎሽ 50፣ የረግረጉ 48፣ ዲቃላቸው 49 ክሮሞሶም አላቸው። ዜቡም ሆነ ታውሪን ሁለቱም 60 ናቸው። የሚለየው የዋይ ክሮሞሶም ቅርጽ ነው፤ እሱም በወንድ ብቻ ይታያል፣ የእናትን ወገን አይነግርህም።

የመስክ ባለሙያ፦ ወቅቱን እናስተካክል። ረቂቁ ሚያዝያ ይላል፤ እኔ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር እላለሁ። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ ከብቱም ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ከደጋው ከብት ጋር የሚቀላቀለውም ያኔ ነው። በበጋ ደግሞ የውጭ ከብት ለግጦሽ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በመካከል ያለችው ጊዜ ባለቤቱንና መንጋውን በቦታቸው ታገኛለች። በሚያዝያ ከብቱ ስለሚከሳ የደረት ዙሪያ ይቀንሳል፤ ውጤቱ የዘር ልዩነት መስሎ ይታያል። የሰውነት ይዞታ ለዜቡ በተዘጋጀው የ9 ደረጃ መለኪያ ሳይመዘገብ ልኬት አይወሰድ፤ ረግረግ ላይ የጉበት ትልም ስላለ በጥሩ ወቅትም የከሳ ከብት ያጋጥማል።

ጭቃውም ሌላ ራስ ምታት ነው። ለቁመት ልኬት 1.2 በ2.5 ሜትር የሆነ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ይነጠፍ፤ አንድ ኮቴ ከገባ ቁመቱ ይሳሳታል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ ለአካል ልኬት 240 ላምና 30 ኮርማ ይበቃሉ፤ አራቱም ጥንድ ቋሚ ጥርስ የወጣላቸው፣ ከአጋማሽ በላይ ያረገዙ ላሞች ሳይገቡ። የሚለኩት የደረት ዙሪያ፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ያለው ርዝመት፣ ቁመት፣ የቀንድና የጆሮ ርዝመት፣ የዳሌ ስፋት፣ የአፍ ዙሪያ ናቸው። የሻኛው ቦታ፣ ትከሻ ላይ ነው ወይስ ወደ አንገት ያዘነበለ፣ በፎቶ ጭምር ይያዝ። ረቂቁ ክብደትን ከልኬት አስልቶ ማቅረብ ይፈልጋል። በተለመደው ቀመር የደረት ዙሪያ በራሱ ሲባዛ፣ በርዝመት ሲባዛና ለ10,840 ሲካፈል ኪሎ ይሰጣል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 115 ሴንቲሜትር ከሆነ 223 ኪሎ ይወጣል። ሜትሩ በ2 ሴንቲሜትር ከላላ 229 ይሆናል። ቀመሩ ለፈረንጅ ከብት የተሠራ ስለሆነ 40 እንስሳ በሚዛን መዝነን የራሳችንን እናውጣ። ለኪዎችም ከመውጣታችን በፊት አሥር እንስሳ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ በደረት ዙሪያ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ የሚለያይ ለኪ ጽሑፍ ያዥ ይሁን።

የዘረመል ቤተ ሙከራ፦ ደም 10 ሚሊሊትር፣ ክዳኑ ሐምራዊ በሆነው የኢ.ዲ.ቲ.ኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ። አረንጓዴ ክዳን (ሄፓሪን) ያለውን የሚያመጣ አይኑር፤ ፒ.ሲ.አርን (ዲ.ኤን.ኤ የሚባዛበትን ሂደት) ያደናቅፋል። ቱቦው 8 ጊዜ በእርጋታ ይገለበጥ፤ ካልተገለበጠ ይረጋል። የከብት ቀይ የደም ሴል ኒውክሊየስ የለውም፣ ዲ.ኤን.ኤውን የምናገኘው ከነጩ ነው፤ የረጋ ደም ለኛ ኪሳራ ነው። ከእያንዳንዱ እንስሳ ለመጠባበቂያ የኤፍ.ቲ.ኤ ካርድም (የደም ጠብታ የሚደርቅበት ወረቀት) ይውሰዱ፤ ሳይደርቅ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ቺፑ በተለይ በአውሮፓ ዘሮች ላይ ተመሥርቶ ስለተሠራ የኛን ከብት ብዝኃነት ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ከአራቱ ቡድኖች ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12 እንስሳ በ10 እጥፍ ንባብ (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 10 ጊዜ እየተነበበ) ሙሉ ጂኖማቸው ይነበብ።

አስተባባሪ፦ ጥሩ፤ ሁሉንም አስገባለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃዱ አለ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ፣ ከማኅበረሰቡም ስምምነት ያስፈልገናል፤ ናሙና ወደ ውጭ ከተላከ ደግሞ የማስተላለፊያ ውል ይጨመራል። የአርቢዎቹ ስምምነት በቃል ተነቦ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይያዝ። የፈቃድ ማመልከቻው በዚህ ሳምንት ካልገባ ኅዳር ያመልጠናል። የዋይ ክሮሞሶሙን ነጥቦች ዝርዝር የዘረመል ቤተ ሙከራው ዶክተር እስከ ዓርብ ይልኩልኛል፤ የዕጣውን አሠራር የመስክ ቡድኑ።

የመስክ ባለሙያ፦ ይደርሳል። ኮምፔርሳቶውን ግን በጀቱ ላይ ይጻፉልኝ፤ ባለፈው ረቂቅ ላይ አልነበረም።