አስቸኳይ፦ እጀታ ያልገባለት የቢላ ብረት በርካሽ የት አገኛለሁ? ሠርጌ ደርሷል

የወይራው
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለስድስቱ ሚዜዎቼ የቁርጥ ቢላ በእጄ ሠርቼ ልሰጣቸው ነበር። ብረቱን አንጥረኛ ይሠራል፣ እጀታውን እኔ። ዛሬ ብረቱን ተቀብዬ ቀዳዳ ልበሳለት ስል ፑንታው ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ሦስት ፑንታ ጨረስኩ። ይባስ ብሎ ሁለቱ ስለታቸው ጋ ተሰንጥቀዋል፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለው። ሰውየው ስልክ አያነሳም። ያልተጨረሰ የቢላ ብረት የሚሸጥበት የምታውቁ? ለአንዱ ከ400 ብር በላይ አልችልም። ሠርጉ ጥር 23 ነው።

ማሜ
የት ከተማ ነህ? አዲስ አበባ ከሆንክ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ።

ሰብለ
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ግን ለሠርግ ቢላ ይሰጣል እንዴ? እናቴ ስለት ያለው ነገር ለወዳጅ አይሰጥም ነው የምትለው። ሸሚዝ ወይ ሰዓት ብትገዛላቸው አይሻልም? ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ትድናለህ።

ቲቲ
ሰብልዬ፣ እኔ ስዳር አማቼ መጀመሪያ የሰጡኝ የሥጋ ቢላ ነው። 11 ዓመታችን፣ እሱም እኛም አለን 😄

ጋሽ ሞረድ
ልጄ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሌላ ብረት ብትገዛ ያው ይደገምብሃል። ስለዚህ ታግሠህ አንብበኝ። ያሠራኸው ከመኪና ባሌስትራ ይመስለኛል፣ እዚህ አገር አብዛኛው ቢላ ከእሱ ነው የሚወጣው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። ነገር ግን ግሎ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። የሚፈልገው ዘይት ነው። ማግኔት የማይስበው ደረጃ ድረስ ይግላል፣ ከዚያ ትንሽ ሙቀት ይጨመርለትና ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ይገባል። በዚህ ብቻ ከተተወ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። 200 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። በደንብ የተወለወለ ከሆነ የገለባ ቀለም ይይዛል። የአንተን ሰውየው ከእጀታው እስከ ጫፉ በሙሉ አጠንክሮታል፣ ለዚህ ነው ፑንታ ያልበሳው። የተሰነጠቁትን ለማንም እንዳትሰጥ። አጥንት ሲነካ ቢሰበር ዓይን ያጠፋል።

ማሜ
ምናለሽ ተራ ብያለሁ። ነገ ከተራ ስለሆነ በጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት ሁሉም ታቦት ሊሸኝ ይወጣል። 11 እና 12 ደግሞ ገበያ የለም።

የወይራው
አዲስ አበባ ነኝ፣ ይቅርታ ሳልጽፈው። አዎ ባሌስትራ ነው። ሰብለ፣ ሸሚዝ መግዛት አቅቶኝ አይደለም። እንጨቱ አያቴ ደጅ የነበረ ወይራ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ነፋስ ጣለው። ሰባታችንም፣ እኔና ሚዜዎቼ፣ ልጅ ሆነን ጥላው ሥር ነው ያደግነው። እነሱ ግን እንደቆረጥኩት አያውቁም። ጣሪያ ሥር ከትቼ እስከዛሬ አደረቅኩት። ለዚህ ነው።

ሰብለ
እሱንማ ቀድመህ ብትነግረን። ቢላው ይሁን በቃ፣ ቃሌን አንስቻለሁ።

ኬቢ ቨርጂኒያ
እዚህ አሜሪካ እጀታ የሌለው ብረት ስለቱ ወጥቶ፣ ቀዳዳውም ተበስቶ ይሸጣል፣ ብላንክ ይሉታል። የስዊድኗ ሞራ ከተማ ቢላም እጀታ ሳይገባለት ለብቻው ይገኛል፣ ቆንጆ ነው። ግን በ14 ቀን በፖስታ ይደርሳል ብለህ አትጠብቅ። ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ካለህ ዛሬውኑ ደውል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፣ በእጅ ሻንጣ ፍተሻ አያሳልፈውም።

ዳኒ
ምናለሽ ተራ ሞክር፣ የማይሠራ ነገር የለም እዚያ።

ማሜ
ዳኒ እኔ ምን አልኩ?

የቀጥቃጭ ልጅ (ሃይፋ)
አባቴ ወደ እስራኤል ከመምጣታችን በፊት ጎንደር አካባቢ አንጥረኛ ነበር። ማረሻም ማጭድም ቢላም ይሠራ ነበር። በሙያው ብዙ ተሰድቧል፣ የሰደቡት ሰዎች ግን የሚያርሱት በእሱ ማረሻ ነበር። ስለዚህ ብረት ሠሪውን አትርገመው፣ ሌላ ቀን በሰላም አናግረው። አራቱ ደህና ብረቶችህ አልተበላሹም። ስለቱን ወደ ታች አድርገህ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ እጀታው የሚገባበት ብቻ ከውሃው በላይ ይቅር። እሱን ብቻ በጋዝ እሳት እስኪቀላ አግለው። ከዚያ ያንን ጫፍ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረው፣ ስለቱ ላይ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥም። ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል። በማግስቱ ተራ ፑንታ ይበሳዋል። አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ጋሽ ሞረድ
ትክክል። ይሄ ልጅ ያውቃል። ከመብሳትህ በፊት ሞረድ አስነካው፣ ሞረዱ ከያዘ ለስልሷል ማለት ነው።

አብርሽ
የቀረውን ሁለት ሥጋ ቤት ፈልግ። የምሬን ነው። ሥጋ ቤት ያለ ቢላ በየቀኑ እየተሳለ ከሦስት ጣት ስፋት ወደ አንድ ጣት ይወርዳል፣ ከዚያ ይጥሉታል ወይ ኮርኒስ ላይ ይሰኩታል። ብረቱ ግን ምርጥ ነው። ለቁርጥ ደግሞ ቀጭኑ ነው የሚመቸው። የፕላስቲክ እጀታውን ሰብረህ አውጣና የራስህን አግባበት፣ ብዙዎቹ ቀዳዳቸው ያለ ነው። የጾም ዋዜማ ማታ አትሂድ፣ ሰው ይበዛል። እኔ ሁለት ያገኘሁት ግማሽ ኪሎ ጥብስ በልቼ ነው፣ ባለቤቱ በነፃ ሰጠኝ።

ቲቲ
ይሄ ነው መፍትሔ፣ ሆድም ይጠግባል 😂

ጋሽ ሞረድ
ጥሩ ሐሳብ ነው። ብቻ ግራይንደር ስታስነካው ቶሎ ቶሎ ውሃ ንከረው። ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ስለት አይዝም። እጀታውን በኢፖክሲ ለጥፈህ የነሐስ ሚስማር አስገባ፣ 24 ሰዓት አትንካው። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ሦስት አራት ጊዜ ቀባው፣ በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። ዘይቱ ለመድረቅ ቀናት ስለሚፈልግ እስከ ጥር 17 እጀታውን ጨርስ። ዘይት የጠረግክበትን ጨርቅ ጠቅልለህ እንዳታስቀምጥ፣ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ወይራ ስትሞርድ አፍንጫህን ሸፍን።

ሰብለ
ለሚዜዎቹ ደግሞ ንገራቸው፣ ባሌስትራ ይዝጋል። ሎሚ ከነካው ይጠቁራል። ቆርጠው ሲጨርሱ ወዲያው አጥበው ያድርቁት። የእኛ ቤቱ እንደዚያ ነው የተበላሸው።

የወይራው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከጥምቀት ስመለስ ነው የምጽፈው። አንዱን በአመድ ሞከርኩት፣ ዛሬ ጠዋት ፑንታው ገባ!! ጮኼ ነው እናቴን የጠራኋት። ሦስቱን ማታ አደርጋለሁ። ሥጋ ቤቱ ሰውዬ አንድ አሮጌ ቢላ ሰጠኝ፣ ለስንት ዓመት እንደሠራበት ሲነግረኝ ነበር። የቀረኝ አንድ ነው። ጋሼ፣ አሮጌው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ ልፋቀው ወይስ ልተወው?

ጋሽ ሞረድ
በጥፍርህ ዳስሰው። ጎድጎድ ያለ ከሆነ ዝገት ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ለስላሳ ከሆነ ተወው፣ የዕድሜው መልክ ነው።

ማሜ
ስድስተኛውን ምናለሽ ተራ።

አብርሽ
ጥር 25 ሆነ። ሙሽራው፣ ስድስተኛው ተገኘ? ፎቶ ጠብቀን ነበር።

ሊያ
ሰላም፣ እኔ ለወንድሜ ሠርግ በቀንድ እጀታ መሥራት ፈልጌ ነበር። ቀንዱ ጠማማ ነው፣ እንዴት ነው የሚቃናው?

የቀጥቃጭ ልጅ (ሃይፋ)
እስኪለሰልስ ቀቅይው እህቴ፣ ትኩሱን በሁለት ጣውላ መሃል አጥብቀሽ እሰሪውና እስኪበርድ ተይው። ውጭ ቀቅይው ግን፣ ሽታው ከቤት አይወጣም።