የእድራችንን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ ስም አስቸገረኝ

ጠያቂ፣ ሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራዬ የመረጃ ቋት ማስተዳደር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች መረጃ እጠብቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝቼ ስመለስ የእድራችን ጸሐፊ ጠርዙ የተበላ መዝገብ አሳዩኝ። አባቴ ሲያርፍ ድንኳን የተከሉልን በዚያ መዝገብ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? ችግሩ ግን አንዲት እናት «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» ተብለው ሦስት ቦታ ተጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው አደረጋቸው፤ ወርሃዊ መዋጮ እየከፈሉ ባለዕዳ መሰሉ። እኚህን እናት ማሳፈር አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከአዳማ
እህቴ፣ ስሙን እንደተጻፈ ይተዉት፤ ሰው በስሙ አጻጻፍ ይኮራል። አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ዓምድ ይክፈቱ፤ እዚያ ሐ፣ ኀ እና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ። ሌሎቹም የፊደል እርባታዎች እንዲሁ። መለያው ግን የአባል ቁጥር ይሁን፤ ስም ይደጋገማል። ቀኑንም ይጠንቀቁ፦ በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ በአምስት የሚያቆም ፕሮግራም የዚያን ዕለት ክፍያ አይቀበልም።

መልስ፣ የቀድሞ የእድር ጸሐፊ
ልጄ፣ ተባረኪ። ወረቀቱን ግን እንዳትጥይው። ለቅሶ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ጠያቂ
እሺ እማማ፣ በየወሩ አትሜ ለጸሐፊው እሰጣለሁ። የአዳማው ወንድሜ፣ የፍለጋውን ዓምድ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።