ሃያዋ ነጥብ የማን ናት? የመምህሩ ወይስ የኮፒ ቤቱ?

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ባልደረቦች። የሙያ ፈቃድ ምዘናው ሁለት እግር አለው። የጽሑፍ ፈተናው ከመቶ 80፣ ማህደረ ተግባሩ (መምህሩ የሥራውን ማስረጃ ሰብስቦ የሚያቀርበው ጥራዝ) 20። ስለ ፈተናው ብዙ ተባብለናል፣ ዛሬ ስለ ሃያዋ እናውራ። እኔ ትቅር ባይ ነኝ።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ "እስኪ እየው" ብሎ ማህደሩን ሰጠኝ። ወፍራም ነው፣ አምሮ ተጠርዟል። ተግባራዊ ምርምሩን ገለጥ አደረግኩት። 4ኛው ገጽ ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ቁጭ ብሏል። ከፍላሽ ሲገለብጥ ሽፋኑን ቀይሮ ውስጡን ረስቶታል። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። ገምጋሚዎቹም አላዩትም፤ ነጥቡን ሰጥተውታል።

በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የኛን ማህደሮች ብታነቡ ግን የተማሪው ውጤት ያልተሻሻለበት ክፍል የለም።

የሒሳብ መምህር፣ ቡሬ
ኮፒ ቤት ገብተህ "ማህደረ ተግባር" ስትል "የስንተኛ ክፍል?" ይሉሃል። ሌላ ምን ልበል።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
እኔ አልስማማም። ሌባ ገባ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

መስፈርቱ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ እኔ 73 አሉኝ። አንዷ መስከረም ላይ እርሳስ የምትጨብጠው እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ነበር። የጥቅምት ደብተሯ ላይ "ለ" ተገልብጣለች፣ "መ" ከመስመር ወጥታ ትዋኛለች። የግንቦቱን ገጽ ብታዩት ስሟን ከነአባቷ ጽፋለች። ሁለቱን ገጾች በሞባይል አንስቼ አስገባሁ። ከሥር በእጄ ምን እንዳደረግኩ ጻፍኩ፦ መጀመሪያ በአመድ ላይ በጣት፣ ቀጥሎ በቆርኪ ፊደል መደርደር፣ ከዚያ እርሳስ። መጀመሪያ የሞከርኩት ዘዴ እንዳልሠራም ጽፌያለሁ።

የጽሑፍ ፈተናው ይህን ይጠይቀኛል? አይጠይቀኝም። ሃያዋ ከጠፋች ይህ ሥራዬ የት ይታያል? እናንተ ሁለተኛ ደረጃ ያላችሁት መቼም ፈተና ይቀናችኋል።

ሱፐርቫይዘር፣ ደምበጫ አካባቢ
ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነኝና አትራገሙኝ። የመምህራን ሙያ ደረጃው ሦስት ዘርፍ አለው፦ ሙያዊ እውቀት፣ ሙያዊ ተግባር፣ ሙያዊ ተሳትፎ። በሥራቸው 7 ደረጃዎች አሉ። ማህደሩ ማስረዳት ያለበት እነዚህን ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ግን በብዛት የሥልጠና ምስክር ወረቀትና ቃለ ጉባኤ ነው። ስብሰባ መቀመጥህን ያሳያል፣ ማስተማርህን አያሳይም።

የትምህርት ዕቅዱም ያው ነው። ማስታወሻው ላይ "ዓላማው ተሳክቷል" ይላል። የሚቀጥለው ሳምንትም "ዓላማው ተሳክቷል"። ዓመቱን ሙሉ! እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይከሽፍም? መምህርቷ ያሉትን ዓይነት "ይህ አልሠራም፣ እንዲህ ቀየርኩት" የሚል ገጽ ሳገኝ በዓይኔ ሙሉ አየዋለሁ።

አዲስ ተቀጣሪ፣ ከሞጣ ወዲያ
እናንተ ስለ ማህደር ጥራት ትከራከራላችሁ። እኔ ምን ላስገባ? አዲስ መምህር 2 ዓመት የሙያ ትውውቅ አለው፣ አማካሪ መምህርም ይመደብለታል ይላል። ነባሩ ደግሞ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ። ግጭቱ ከመጣ ወዲህ የኛ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ከተከፈተበት ይበልጣል። አማካሪዬ ከተማ ገብቷል። ታዲያ የቡሬው ኮፒ ቤት ባልሄድ ምን ልሁን?

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቢቸና
ልጆቼ፣ ይህ ነገር እኮ ለጎጃም አዲስ አይደለም። እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራ ጉባኤ ቤት ቅኔ የሚማር ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለት ራሱ የደረሰውን ቅኔ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል። ሲበረታ አስነጋሪ፣ የመምህሩ ረዳት፣ ይሆንና ታናናሾቹን ያስተምራል። የኔታ ያያሉ፣ ይሰማሉ። ወረቀት የለም፣ ፍላሽ የለም። ስለዚህ ሃያዋን አትጣሏት፤ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ስጧት።

የሒሳብ መምህር፣ ቡሬ
ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፤ ግን የኛ የክፍል ምልከታ ቅጽ ራሱ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሞላው። ርዕሰ መምህሩ ከወደደህ "በጣም ጥሩ"፣ ካኮረፈህ "ይቀረዋል"። የኔታ ቢሳሳቱ ተማሪው ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዳል። እኔ የት ልሂድ?

ጥያቄውን ያነሳሁት፣ ደብረ ማርቆስ
መምህርቷ አሸንፈውኛል፣ ግማሽ በግማሽ። ትቅር ያልኩትን ላነሳ እችላለሁ። ግን ጥራዙ ይቅር። የአንድ ተማሪ ሁለት ገጽ ሥራ፣ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ያለባቸው ሦስት ዕቅዶች፣ ከዚያ ገምጋሚው ፊት ለፊት 15 ደቂቃ ይጠይቅ። በኮምፒውተር የተጻፈ ምርምር አያስፈልገንም። የሞጣው ወንድማችን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ እስኪረጋጋ የትውውቅ ጊዜው አይቁጠርበት።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
መጠየቁን ወድጄዋለሁ። ሱፐርቫይዘር፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩን። ማህደር ሲገመግሙ ባለቤቱን ጠርተው ጠይቀው ያውቃሉ?

ሱፐርቫይዘር፣ ደምበጫ አካባቢ
አንድ ጊዜ። የምርምሩን ርዕስ ጠየቅኩት፤ አላስታወሰውም።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
እና ነጥቡስ?

ሱፐርቫይዘር፣ ደምበጫ አካባቢ
ቅጹ ላይ "ተጠየቀ" የሚል ሳጥን የለም ተባልኩ። ሰጠሁት።