የአጎቴ የጫካ ቡና ለምን አፈር አፈር ይላል?

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ጎበዝ። አጎቴ በ77ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ኢሉባቦር ከሄዱት ናቸው። ያዩ አካባቢ እዚያው ቀሩ፣ አሁን ጫካ ዳር ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ቡና አለቻቸው። ሰሞኑን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ላኩልን። ወቅጠን ቆልተን አፈላነው፣ ሽታው ልዩ ነው፣ ስትጠጣው ግን አፈር አፈር ይላል። እናቴ "የወንድሜን ቡና አታሙ" ብላ ተቆጣች። እሳቸው ደግሞ ስፔሻሊቲ የሚባል ጥሩ ዋጋ አለ ሲባል ሰምተው እኔን ይጠይቁኛል፣ እኔ ቡና የማውቀው ከስኒ ነው! ጥላ ስር የበቀለ፣ ማዳበሪያ ያልነካው ቡና ስፔሻሊቲ ካልሆነ ምኑ ሊሆን ነው?

ቡና ቆይው (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር፣ ጫካው ጥፋት የለበትም። የት እንደሚያሰጡት ጠይቃቸው። ያ አገር በለቀማ ወቅትም ዝናብ አያጣውም፣ እሸቱ (ገና የተለቀመው ፍሬ) እርጥብ መሬት ላይ ከዋለ የአፈሩንም የሻጋታውንም ጠረን ይይዛል። ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ አልጋ ይሥሩ፣ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ። ሳስቶ ይሰጣ፣ ቀን ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፣ ማታ ይሸፈን። ሦስት ሳምንት ቢፈጅ አይገርምም። ሲነቀንቁት ተንኳኳ ብለው ብቻ እንዳያነሱት፣ መለኪያ ያለው ማኅበር ወስደው እርጥበቱን ያስለኩት፣ 12 በመቶ ግድም ይበቃል። ሌላው ለቀማው ነው። ቅርንጫፉን አንዴ ጠርገው አረንጓዴውንም ቀዩንም ካወረዱት አለቀ። ቀይ ቀዩን ብቻ፣ እየተመላለሱ። ሌባ እያለ ቀይ እስኪሆን መጠበቅ ጭንቅ እንደሆነ አውቃለሁ።

የቦርከና ልጅ፦
ቆይው እንዳለው ነው፣ እኔ ዋጋው ላይ ልጨምር። ስፔሻሊቲ የሚባለው ቀማሾች ቀምሰው ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ሲሰጡት ነው። የያዩ ጫካ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ ባዮስፌርነት (ተፈጥሮው ከነነዋሪው የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ) ተመዝግቧል፣ ስሙ ገዢ ይጠራ ይሆናል እንጂ ስኒው ውስጥ ያለውን አይለውጥም። ደግሞ ስድስት ኪሎ ያህል እሸት የሚሰጠው አንድ ኪሎ ንጹሕ፣ ማለትም የተፈለፈለ ጥሬ ቡና ነው። በግማሽ ሄክታር ብቻቸውን ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ አያገኙም፣ ከማኅበር ጋር ይሁኑ። ደሴ አስመጥቼ ልሽጥላቸው ብለህ ደግሞ ኩንታል እንዳታስጭን፣ ያለ ፈቃድ ኬላ ላይ ያስይዝሃል።

የሸዋበር ልጅ፦
ደወልኩላቸው። "ሸራ ላይ ነው የማሰጣው" አሉኝ። ሸራው ምን ላይ እንደሚነጠፍ ስጠይቃቸው ሳቁ። እናቴ ግን ዛሬም ያንኑ ነው ያፈላችው።