እህቴ ከፈረንጆቹ ጋር በመኪና ጣልያን ልትወርድ ነው፤ ወረቀቷ ይበቃታል?

አዘዞ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። ታናሽ እህቴ ጀርመን፣ ሙኒክ አጠገብ ኦፐር (ቤተሰብ ጋር እየኖረች ልጅ የምትይዝ) ሆና ከገባች ሰባት ወሯ ነው። የምትኖርባቸው ቤተሰቦች በፈረንጅ ገና በኦስትሪያ አድርገው ጣልያን ይወርዱና በስዊዘርላንድ ይመለሳሉ። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ «አንቺም ነይ» ብለዋታል። ለየአገሩ ቪዛ ያስፈልጋታል? እናታችን «ድንበር ላይ ይይዙብኛል» ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

ቀሃ፦ አያስፈልጋትም። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድና ያላለፈበት ፓስፖርት ያለው ሰው ሌሎቹን የሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የየአገር ቪዛ የማይጠየቅባቸውን) በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዞር ይችላል። ስዊዘርላንድም የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ባትሆን ሸንገን ናት። እንግሊዝና አየርላንድ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።
ዋናው ፓስፖርትና ዋናው ካርድ በእጇ ይሁኑ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ዋጋ የለውም። ስትወጣ ማንም ላይጠይቃት ይችላል። ጀርመን ግን ከመስከረም 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስለመለሰች መኪናው የሚቆመው ሲመለሱ ነው።
ካርዱ ካልደረሰና ጊዜያዊውን ወረቀት፣ ፊክስዮንስበሻይኒጉንግ የሚሉትን ከያዘች ሦስተኛውን ገጽ ትይ። የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 ላይ ምልክት ካለ፣ ከአሮጌው ቪዛዋና ከፓስፖርቷ ጋር ይዛው ወጥታ መግባት ትችላለች። ንዑስ 3 ከሆነ መውጣቱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው የሚቸግረው። ቪዛዋ ሳያልቅ አመልክታ ከሆነ 4 መሆን አለበት። የትኛው ነው?

ማራኪ፦ የወረቀቱ ነገርስ መላ አያጣም። ሽርሽር ነው ወይስ ሥራ? ኦፐር በቀን ከ6፣ በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ አትሠራም፤ የኪስ ገንዘቧ በወር 280 ዩሮ ነው፤ በዓመት የ4 ሳምንት ዕረፍት አላት። የኋላ ወንበር ላይ በሁለት ልጆች መሃል ተጣብቃ ለአንዱ ውሃ፣ ለሌላው ማስታወኪያ ፌስታል የምታቀብልበት ሰዓት ሥራ ነው፤ ከዕረፍቷ አይቆረጥም። ሳይነሱ በፊት በጽሑፍ ትጠይቅ፦ በየቀኑ ከስንት እስከ ስንት ልጅ ትይዛለች? የምታድረው ብቻዋን ነው? ኢንሹራንሷ ከጀርመን ውጭ ይሠራል? በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ከሆነ ከተራራ የማንሳቱን ወጪስ ይሸፍናል?
ሁለት የልጅ መቀመጫ ከገባ መሃሉ ይጠባል። ሳይነሱ ቀበቶው ቁልፍ ውስጥ መግባቱን ቁጭ ብላ ትሞክረው።

ቀሃ፦ ሰው በደግነት ሲጋብዝ ሰዓት መቁጠር ነውር አይደለም እንዴ?

ማራኪ፦ ደግነታቸውን ማን ካደ? ሰዓቱ ግን ውሉ ላይ አለ። ሌላም፦ ሹፌሩ ሲደክመው «ትንሽ ያዢልን» ቢላት እሺ እንዳትል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ነዋሪ ከሆኑ በኋላ የሚሠራው 6 ወር ነው፣ የእሷ አልፏል። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉንም ተግባሩንም መፈተን ነው።

ፒያሳ፦ ከኦስትሪያ ጣልያን የሚያወርደውን የብሬነርን ተራራ መንገድ ፈርታ እንደሆነ ሊማሊሞን ለወረደ ሰው አስፋልት ያለው ሜዳ ነው በያት። እኔን የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፣ እኛ እስከ 29 የነቢያት ጾም ላይ ነን። ገበያ ሳይወጡ ትንገራቸው። «እጾማለሁ» ካለች ጭራሽ የማትበላ ይመስላቸዋል፤ «እስከ ጃንዋሪ 7 ቪጋን ነኝ» ትበል። የታሸገ ደረቅ ፓስታ ብዙውን ጊዜ እንቁላል የለበትም፣ ትኩሱ ግን አለበት። ፔስቶ አይብ አለው። ፒዛ ከሆነ ማሪናራ ትዘዝ፣ አይብ አይገባበትም። የገና ብስኩቶቻቸው በቅቤ ነው የሚሠሩት። ቆሎና በሶ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ።
እናንተም በ280 ዩሮ ላይ «ለጥምቀት ላኪ» አትበሏት።

አዘዞ፦ እናቴ ለቀሚስ ብላት ነበር፣ ትተነዋል። ዓሣስ ትብላ?

ማራኪ፦ በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል እኮ።

ፒያሳ፦ ማን አለ? የጎርጎራ ሰው ስለበላ ሁሉም ይብላ?

ማራኪ፦ በፍልሰታና በሁዳዴ ነው የማይበላው። ለመንገደኛማ ምን አለበት?

ቀሃ፦ ቆይ፣ ወረቀቱ 3 ነው 4?

አዘዞ፦ ፎቶ ልካልኝ ነበር፣ 81 የሚለው ይታያል፣ ከጎኑ ያለው ግን ደብዝዟል። ድጋሚ አንሺው ብያታለሁ።

ፒያሳ፦ ዓሣውን አትብላ በያት።